ሹመትን መተው ጽድቅ ነውን?
በአክሱም በንጉሥ ካሌብ መቃብር ላይ የታሰበ

ሰው ሹመትን ለማግኘት የሚደክመውን ድካም የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሹመትን በጊዜው ለመተው የሚያስፈልገውን ብርታት ግን ያሰቡበት ጥቂቶች ናቸው። እኔም ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ከአክሱም ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለ አንድ ኮረብታና በራሱ ላይ ያሉት ሁለት ጥንታውያን መቃብሮች ናቸው።

ከሐውልቶቹ አደባባይ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ የሚለውን የማይ ሹምን ኩሬ ያገኛል። ከዚያም የንጉሥ ዒዛና ቃል በግእዝ፣ በሳባና በጽርእ ጽሕፈት የተቀረጸበት ድንጋይ በትንሽ ቤት ውስጥ ቆሞ ይታያል። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢሆንም በቀትር ፀሐይ የወጣ ሰው ከላይ ሲደርስ ዕረፍት መሻቱ አይቀርም። ዐይኑን ባነሣም ጊዜ የዓድዋ ተራሮች ከሩቅ ይታዩታል። እኔ የወጣሁት ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋራ ነበር።

በኮረብታው ራስ ላይ ጎን ለጎን ካሉት መቃብሮች አንዱ የንጉሥ ካሌብ፣ ሁለተኛው የልጁ የገብረ መስቀል ነው ይባላል። በልጁ መቃብር ውስጥ ጥርቡ ድንጋይ እርስ በርሱ እጅግ ተስማምቶ የተገጠመ ነው፤ ከክፍሎቹም በአንዱ ሦስት የድንጋይ የሬሳ ሣጥኖች አሉ፤ በአንደኛው ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። በአባቱ መቃብር ግን ድንጋዮቹ ትልልቆች ቢሆኑም አገጣጠማቸው እንደዚያ ያማረ አይደለም፤ ሥራውም ሳይፈጸም ቀርቷል።

ስለ ምን ሳይፈጸም ቀረ? ካሌብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ525 ዓመት ገደማ፣ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ስለ ደረሰው ግፍ ባሕር ተሻግሮ የሒምያርን ንጉሥ ድል ያደረገ፣ ስሙን በወርቅ ገንዘብ ያስቀረጸ ታላቅ ንጉሥ ነው። ከድሉም በኋላ ዘውዱን በጌታችን መቃብር ዘንድ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ትቶ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሰ፤ ዐፅሙም ያረፈው በዚያው ነው ብለው አባቶች ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 20 ቀን ታስበዋለች።

ይህን ስናወራ ወዳጄ ከደረጃው ላይ ተቀምጦ «እኔስ በዚህ ንጉሥ አልደነቅም። ሕዝብ የተሰጠው ሰው ሕዝቡን ትቶ ለነፍሱ ብቻ ቢሮጥ ምን ምስጋና አለው? ገበሬ እርሻውን ጥሎ ቢመነኵስ ልጆቹ ይራባሉ፤ ንጉሥ ቢመነኵስስ?» አለኝ። ነገሩ የሚናቅ ስላልሆነ ወዲያው ልመልስለት አልቻልሁም።

እውነት ነው፤ ዕዳ በበዛበት ጊዜ መዝገቡን ጥሎ የሚሄድ ገንዘብ ያዥ ትሑት አይባልም። በወረርሽኝ ጊዜ በሽተኞቹን ትቶ የሚሄድ ሐኪምም ሥራውን ሸሸ እንጂ ዓለምን ናቀ አይባልም። ሸክምን መጣል ሌላ፣ ክብርን መተው ሌላ ነውና። ነገር ግን ሁለቱም በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የሚመረመረው አካሄዱ ነው። ካሌብ የሄደው ጠላት ሲያሳድደው ሳይሆን ድል ካደረገ በኋላ ነው። ዙፋኑንም ለወራሽ ትቶታል። ዘውዱን ወደ ሩቅ አገር በመላኩም መመለሻ መንገድ ለራሱ አላስቀረም። ሹመቱን ትቻለሁ እያለ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ገና አልተወምና።

በዚያ ሥፍራ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥላ ይዘው ዐርፈው ነበር። መስቀላቸውን ከተሳለምሁ በኋላ «አባቴ፣ ንጉሡ በዚህ ካልተቀበሩ ሰው ይህን ሁሉ ዳገት ስለ ምን ይወጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ሰው ያለበት መቃብርማ በየደብሩ አለ» አሉኝ።

ይህ ቃል ወደ ራሴ መለሰኝ። እኔ በሰፈራችን ዕድር ላይ ሊቀ መንበር ሆኜ 19 ዓመት ተቀምጫለሁ። ይብቃህ የሚለኝ ሰው በተገኘ ቁጥር «እኔ ብሄድ ዕድሩ ይፈርሳል» እላለሁ፤ ይኸውም የወዳጄ ክርክር ነው። ነገር ግን በዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ በ19 ዓመት ውስጥ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ሰው እንኳ አላስተማርሁም። እንግዲህ ዕድሩ የሚፈርስ ቢሆን የሚያፈርሰው የእኔ መሄድ አይደለም፤ ተተኪ ሳላዘጋጅ መቀመጤ ነው እንጂ። ያለ እኔ አይሆንም ማለት አገልግሎቴን የሚያስመሰግን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያስወቅሰኝ እርሱ ኖሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተነሣ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ ይመንኵስ ማለቴ አይደለም። የተሾመ ሰው መሄጃውን ከተሾመበት ቀን ጀምሮ ያዘጋጅ፤ እንዲህ ካላደረገ ቢቀመጥም ቢሄድም ሕዝቡን ይጐዳል ማለቴ ነው። ንጉሥ ካሌብም መቃብሩን ሳይፈጽም ቢሄድ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ጉዳይ፣ የወራሹን ነገር፣ ፈጽሞ ሄዷል።

ስንወርድ ወዳጄ «ገና አልረታኸኝም» አለኝ። እኔም ልረታው አልፈለግሁም። ከማይ ሹም አጠገብ ስንደርስ ግን፣ በሚመጣው ወር ስብሰባ መዝገቡን ለመማር ፈቃድ ያላቸውን ሁለት ጐልማሶች እንዲያመጣልኝ ለመንሁት።