«ፊልም ብቻ ነው» ማለት ይበቃልን?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ከአጣዬ የመጣ አንድ ወጣት በትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ ያቀረበው ጥያቄ ነው። አስፈሪ ፊልሞችን ማዘውተር ለነፍስ እንደማይበጅ ስናገር እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ ደሙ ቀለም ነው፤ የሞተ ሰው የለም፤ ተዋናዮቹም ደመወዛቸውን ተቀብለው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ታዲያ የተበደለው ማን ነው?» አለኝ። ጥያቄው በቁጣ የሚዘጋ አልነበረም። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝምና ዛሬ ልመለስበት ወደድሁ።

በአገራችን ሲኒማ ከመጀመሪያው በጥርጣሬ ዓይን የታየ ጥበብ ነው። በአዲስ አበባ የተከፈተው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» ይባል ነበር። ያ ስም ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ቤቶች ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ሳይቀር ተስፋፍተው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሲኒማ ቤቱ በየሰው ኪስ ገብቷል። ስለዚህ መሣሪያውን መርገም ጥቅም የለውም። ሊመረመር የሚገባው የሚታየው ነገርና የሚያየው ሰው ነው።

ዛሬ ወጣቶቻችን የሚያዩአቸው አስፈሪ ፊልሞች ብዙ ነገራቸውን የወረሱት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በጥቂት ገንዘብ ከተሠሩ ፊልሞች ነው። ስልቱ ቀላል ነበር፤ ታዋቂ ተዋናይ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው ሠሪ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊያሳዩት ያልደፈሩትን ጭካኔ በማሳየት ተመልካች ይስባል። የሰውን ድንጋጤ ለገበያ ስላዋሉም «የብዝበዛ ፊልሞች» የሚል ስም ወጣላቸው። ከእነዚህ አንዱ ዌስ ክሬቨን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «በስተግራ ያለው የመጨረሻ ቤት» ነው። ከመቶ ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራው ይህ ፊልም የሁለት ልጃገረዶችን መደፈርና መገደል፣ ከዚያም የአንዷ ወላጆች የፈጸሙትን በቀል ያሳያል። ማስታወቂያው ተመልካቹ በድንጋጤ ራሱን እንዳይስት «ፊልም ብቻ ነው» እያለ ደጋግሞ ለራሱ እንዲነግር ይመክር ነበር። የወጣቱ ክርክር እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በፊት በነጋዴዎች አፍ የተነገረ ነው።

ቢሆንም ፍርዳችን ሚዛናዊ ሊሆን ይገባል። የደም ብዛት ብቻውን የፊልምን ክፋት አይለካም። ስሙ እጅግ የሚያስፈራው የቶብ ሁፐር «የቴክሳስ የመጋዝ ጭፍጨፋ» (እ.ኤ.አ. 1974) እንኳ የሚያሳየው ደም ሰዎች እንደሚገምቱት ብዙ አይደለም። የክሬቨን ታሪክም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። መነሻው ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው «የድንግል ምንጭ» ነው። በዚያም ልጅ ትደፈራለች፣ ትገደላለች፤ አባትም ገዳዮቿን ይበቀላል። ነገር ግን አባት ደም የነካውን የገዛ እጁን እያየ በእግዚአብሔር ፊት ይንበረከካል፤ ልጁ በሞተችበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ይሳላል፤ ሬሳዋ ሲነሣም ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል። ወንጀሉ አንድ ሆኖ ሳለ ፊልሞቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ተመልካቹን ወደ ሐዘንና ወደ ንስሐ ሲመራው፣ ሁለተኛው ቀጣዩን ግድያ እንዲጠብቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ፣ ክፋትን መግለጽ ሰውን ጠልቆ ለማወቅ ሊጠቅም እንደሚችል፣ ሆኖም በግብረ ገብ ሕግ ሊገታ እንደሚገባው ያስተማረው ይህን ልዩነት በማሰብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስለ ሁለት ዓይነት ትርኢቶች ይተርካል። በወጣትነቱ በካርቴጅ ቲያትር ቤት የሐሰት መከራ እያየ ማልቀስ ይወድ ነበር። በኋላ ሲመረምረው ግን ያ ሐዘን ተመልካቹን ለእርዳታ የማይጠራ ሐዘን መሆኑን አስተዋለ። ወዳጁን አሊፒዮስን ደግሞ በሮም ጓደኞቹ ጎትተው የሰይፈኞች ግጥሚያ ወደሚታይበት ስፍራ ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ የሕዝቡ ጩኸት ግን ዓይኑን አስከፈተው። ደሙን ባየ ጊዜ በጭካኔው ሰከረ፤ ሊያይ ያልፈለገው ሰው ሌሎችን እየጋበዘ የሚመለስ ሆነ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ዓይን ተማሪ መሆኑን ነው። የሐሰት መከራ ከእኛ ምንም አይጠይቅም፤ መነሣት፣ መሮጥ፣ ውሃ ማቀበል አያስፈልግም። ይህ በራሱ ኀጢአት አይደለም። አያቶቻችንም በምድጃ ዳር በጅብ ተረት አስፈርተውናል፤ በዚያም ጥንቃቄን አስተምረውናል። ጉዳቱ የሚጀምረው የሰውን ሥቃይ እያዩ አለመነሣትን መለማመድ፣ ያውም በደስታ መለማመድ ሲመጣ ነው።

እነዚያ ፊልሞች በአሜሪካ በሚሠሩበት ዘመን በራሳችን አገር ሌላ ፊልም ተቀርጾ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ፣ የተራቡ ገበሬዎች አጣዬን አቋርጦ በሚያልፈው በዚሁ በደሴ አውራ ጎዳና ዳር እርዳታ ይለምኑ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ተመልካቾችም ለተራቡት ገንዘብ አዋጡ። ያም ፊልም ነበር፤ «ፊልም ብቻ» ግን አልነበረም። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እውነተኛ መከራም እንኳ ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ሊደረግ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ይህን የሚሠቃይ ሰው የማየው ለምንድን ነው?» ማለትም ያስፈልጋል።

ከትምህርቱ በኋላ ወጣቱ አንድ ነገር አጫወተኝ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ከተሰደዱት መካከል የእርሱም ቤተ ሰብ ነበረ። በተጠለሉበት ከተማ አንድ ልጅ የቃጠሎውን ሥዕል በስልኩ ለጓደኞቹ እያሳየ፣ «ኧረ ልክ እንደ ፊልም ነው!» ሲል ሰማው። ከዚያም ልጁ በጣቱ አንሸራትቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። «ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከቤቱ እንጀራ ያመጣልን ነበር» አለኝ ወጣቱ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «ግን ያ የኛ ሰፈር ነበር» አለ።

ያ ልጅ ምን ዓይነት ፊልም ያይ እንደ ነበር አላውቅም። አስፈሪ ፊልም ያየ ሁሉ ልቡ ይደነድናል ማለትም አልችልም። እንጀራ ያመጣው እጅ ልቡ እንዳልሞተ ይመሰክራል። ሆኖም የወጣቱ ጥያቄ መልሱን ያገኘው በራሱ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ተዋናዩ አልተበደለም። ሊበደል የሚችለው ነገ በእውነት የሚጮኸውና ጩኸትን እንደ ጨዋታ የለመደ ጆሮ የሚገጥመው ጎረቤት ነው። ከእርሱም በፊት፣ መደንገጥና ማዘን የተሰጠው የተመልካቹ ልብ ይበደላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ክልከላ ብቻውን በየኪሱ ያለውን ስልክ አይዘጋም። ይልቅስ ከልጆቻችን አጠገብ ተቀምጠን አብረን እንጠይቅ። በዚህ ፊልም ከማን ጋር እንድቆም ነው የምገፋው፤ ከሚመታው ወይስ ከሚመታበት? የሚሠቃየው ሰው ስምና ፊት አለው ወይስ ሥጋ ብቻ ሆኗል? ሲያልቅስ ወደ ሰው የበለጠ ቀርቤ እነሣለሁ ወይስ ሌላ እንዲጨመርልኝ እመኛለሁ?

አጣዬ ኤፌሶን በሚል ስምም ትታወቃለች። ቅዱስ ጳውሎስ በሰበከባት በጥንቷ ኤፌሶን ሕዝቡ ወደ ትርኢት ስፍራ ሮጦ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኽ፣ ከመካከላቸው የሚበዙት ለምን እንደ ተሰበሰቡ አያውቁም እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል (19፥32-34)። በየትኛውም ሥዕል ፊት ስንቀመጥ፣ ቢያንስ እኛ ለምን እንደ ተቀመጥን እንወቅ።