ባዶ ሆድና የሚርድ ልብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን በሰንበት ትምህርት ቤታችን የተፈጸመ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። ባለፈው የሰኔ ጾም አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እኅታችን በመዝሙር ጥናት ላይ ሳለች እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ እያጠመቃት ወጥታ ተቀመጠች። ልቧ እንደ ከበሮ እንደሚመታ፣ አንዳች ክፉ ነገር የሚደርስባት እንደሚመስላት፣ ሌሊትም እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችን። እኛስ ምን አልናት? እምነትሽ ስለ ጎደለ ነው፤ ጸሎትና ስግደት ጨምሪ አልናት። ከመካከላችን አንዱ እንዲያውም የጠላት ፈተና ነው ብሎ አስፈራራት። እርስዋም እሺ ብላ ሄደች፤ እስከ 9 ሰዓት የነበረውን ጾሟንም እስከ 12 ሰዓት አደረገችው። ከሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ምን እንደምትበላ ከእኛ የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። የጠየቀቻት በጤና ጣቢያ ያገኘቻት ነርስ ናት። ጧትና ቀን ምንም፤ ሲመሽ ስኳር የበዛበት ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ፤ ከዚያ ለጥናት እንድትነቃ ቡና፣ እርሱም ከአቦል እስከ በረካ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ሰው አካል እየተማርን ይህን አለመጠየቃችን ያሳፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮአችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ዋና ስንቁም በደም የሚመጣው ስኳር ነው። ረኃብ ሲረዝምና ይህ ስኳር በጣም ዝቅ ሲል፣ ሰውነት ከጉበት ስኳር እንዲወጣ አድሬናሊን የሚባል ቅመም ይረጫል። ይኸው ቅመም ጅብ ስናይም የሚረጨው ነው! ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ይመጣል። ሆድ ራበኝ ያለውን ልብ ፈራሁ ብሎ ይተረጉመዋል። ፈተና የቀረበበት ወጣት ደግሞ ለዚህ ትርጉም ምክንያት አያጣም።

በዚህ ላይ ቡና ሲጨመር እሳት ላይ ጋዝ ነው። በቡና ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጣነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደማችን ይዞራል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው አስተያየት ለልጆችና ለወጣቶች በቀን ከ3 ሚሊግራም በኪሎ ባይበልጥ መልካም እንደ ሆነ አመልክቷል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን 150 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠጣው የኃይል መጠጥ አንዱ ትንሽ ጣሳ ብቻውን 80 ያህል ይይዛል። የእናቶቻችንን ቡና እየነቀፍን አይደለም፤ እርሱ ከቁርሱና ከጨዋታው ጋር ነው የሚጠጣው። ለሴቶች እኅቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ የብረት ማዕድን ማነስም ልብን ያስመታል፣ ያደክማል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ብረቱ በደም እንዳይገባ ያግዳል።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ፣ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደው ያ ጀግና፣ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ ሲመጣ እምነትህ ወዴት ሄደ አላለውም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፤ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ስለ ፍርሃቱ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ 40 ቀን ተጕዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ጌታችንም የ12 ዓመቷን የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣ በኋላ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5)። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሳናስተውለው አልፈነዋል!

ታዲያ ጥፋቱ የጾም ነውን? አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው መልካም ማዕድ ነው፤ ዳንኤልና ባልንጀሮቹም 10 ቀን በጥራጥሬ ተፈትነው ፊታቸው አምሮ ተገኝቷል። ጥፋቱ የእኛ ፉክክር ነው፤ ማን እስከ ማታ ይቆያል እያልን እርስ በርሳችን መለካካታችን ነው። በጾም ስም ቅጥነት የምንፈልግም አለን፤ ይህን እንናዘዘው። የጾምን ልክ እንደ ዓቅማችን የሚወስኑልን የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የመዝሙር ክፍል ኃላፊ አይደለም።

ይህን ስንል ጭንቀት ሁሉ በምስር ወጥ ይድናል ማለታችን አይደለም። ወላጁን ያጣ፣ ቤቱ ጠብ የሞላበት ወጣት ሌላ ሸክም አለበት። በልቶና ተኝቶም ፍርሃቱ ሳምንታት ካልለቀቀው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጸበሉንም ጸሎቱንም ይዞ።

እኅታችን የንስሐ አባቷን ጠየቀች፤ እርሳቸውም ፈተናው እስኪያልፍ ሰዓቱን አሳጠሩላት። መንቀጥቀጡ በአብዛኛው ተዋት፤ ፈተናውን መፍራቷ ግን አልቀረም። በመጣች ጊዜ ተሰብስበን ይቅርታ ጠየቅናት። ሳቀችና፣ «እናንተስ ዛሬ በልታችኋል?» አለችን። ከስምንታችን ሦስቱ አልበላንም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።