ካሳ የሌለው ንስሐ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ቅዳሜ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ስድስተኛው ቀን። በሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ሰው በሒሳቡ ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ወደ ሌላ ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በስልክ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሮጠ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የመለሰ አይከሰስም ተባለ፤ ብዙው ተመለሰ። ካልመለሱት መካከል ከ500 የሚበልጡት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ወጣ።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ይህን ያነሣሁት በእነዚያ ልጆች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ግን ከተሰለፉት መካከል ጾመኛ አልነበረም ማለት አንችልም። ማለዳ ማኪያቶ ቢቀርብለት “ጾም ነው” ብሎ የሚገፋ፣ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ወተት ወደ አፉ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ሰው፣ የሌላው ገንዘብ ወደ ኪሱ ሲገባ ጾሙ የፈረሰ አልመሰለውም። ይህ ደግሞ የእነሱ ብቻ በሽታ አይደለም። እነሱ እንኳ ጠሪ አገኙ፤ ስማቸው ተቆጥሮ “መልሱ” ተባሉ። እኛን በየቢሮውና በየሱቁ የወሰድነውን እንድንመልስ ፎቶአችንን የሚለጥፍብን የለም። ስለዚህ ዝም ብለን እንጾማለን፣ ዝም ብለን እናስቀድሳለን፣ ዝም ብለን እንቆርባለን።

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል ለገሃር ድረስ ይወርዳል። ከአናቱ አጠገብ የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። ወደ ታች ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ባንኮቹና መሥሪያ ቤቶቹ ይከተላሉ። በወሩ 23 ማለዳ ይህን መንገድ ያየ ሰው የከተማውን ሃይማኖት በዓይኑ ያያል። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ደጀ ሰላሙን ስሞ፣ ጧፉን አብርቶ፣ ለነዳያን ሳንቲም ሰጥቶ ወደ ሥራው የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው። መልካም ነው፤ ይህን የምነቅፍበት አፍ የለኝም። የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነጠላው ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሃይማኖቱም አብሮት ይቆለፍበታል።

ከመስኮቱ ማዶ የቆሙት አባት ከገጠር የመጡ ናቸው። የታመመ ልጃቸውን ሆስፒታል አስተኝተው አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ነው የመጡት። “አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ” ይባላሉ። ሲስተሙ ግን አለ፤ ማኅተሙም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የጎደለው “የሻይ” የሚባለው ብቻ ነው። አንተ ይህን የምትል ክርስቲያን፣ ነገ ይምጡ ማለት ለእኚህ አባት ሌላ የአልጋ ኪራይ፣ ሌላ የታክሲ፣ ሌላ ያልታረሰ ቀን እንደ ሆነ ታውቃለህ። ገንዘብ አልተቀበልኩም ብለህ አትጽናና። የሰው ቀን ሰርቀሃል። ገንዘብ ቢሰረቅ ሠርተው ይተኩታል፤ ልጅ እየታመመ የሚያልፍ ቀን ግን ከየት ይተካል? ጉቦውን የተቀበልክ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። ያ ገንዘብ ከአንዲት በግ ሽያጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። በእርሱ ለልጅህ የልደት ኬክ ገዝተሃል፤ ከእርሱም ዐሥራት አውጥተሃል።

ነጋዴውንም አልተውም። አራዳ ገና ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ ነው። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ደጃፍ ነበር። እህል የሚሰፍረው ሰው ቀና ቢል የሚያየው ጉልላቱን ነበር። ዛሬም በወርቅ ቤቶችና በመስቀልና ሥዕል መሸጫዎች በር ላይ የሰማዕቱ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሻጩም “ጊዮርጊስን! አላተርፍበትም” ይላል። እያተረፈበት ነው። ክርስቶስን አልክድም ብሎ አንገቱን ለሰይፍ የሰጠውን ሰማዕት ለዐሥራ ስምንት ካራት ወርቅ የሐሰት ምስክር አድርጎ ይጠራዋል፤ “ሃያ አንድ ነው” እያለ። ትናንት የተሣለውን ሥዕል በጭስ አጥቁሮ የጥንት ቅርስ ነው ብሎ ለእንግዳ የሚሸጥም አለ፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው ግን እመቤታችን ናት። በስሟ እየለመነ በሥዕሏ የሚያታልል እጅ በየትኛው ድፍረት ለጸሎት ይዘረጋል?

በቤትሽ ውስጥ ስላለችውም ሠራተኛ ልጅ ልጠይቅሽ። የጾሙን ወጥ የምትሠራልሽ፣ ለሰንበቴሽ ዳቦ የምትደፋልሽ እርሷ ናት። የሦስት ወር ደመወዟን “ይጠራቀምልሽ” ብለሽ ይዘሻል። አንቺ እሑድ ስታስቀድሺ እርሷ ልጅ ትይዛለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከሳመች ስንት ጊዜ እንደ ሆናት አታውቂም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። አንቺ መዝሙር ከፍተሽ ቤቱን ስትሞይው፣ ወደ ሰማይ ቀድሞ የሚደርሰው የእርሷ ድምፅ ነው።

በዚያው በ2016 ዓ.ም የፒያሳዎቹ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ ዘመናት የኖረ ዕድር፣ ማኅበርና ቡና ተበተነ። አብራችሁ ጽዋ የጠጣችኋቸው እናት ዛሬ የት ኮንዶሚኒየም ስንተኛ ፎቅ ላይ ናቸው? ደረጃውን ይወጡታል? የሚቀብራቸው ዕድር አላቸው? ይህን መጠየቅ ከየትኛውም የስግደት ቁጥር ያልቀለለ ክርስትና ነው። ያልጠየቃችሁ ዛሬ ጠይቁ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ንስሐ ማለት ለነፍስ አባት ነግሮ ጥቂት ቀን ሰግዶ መገላገል የመሰለው ብዙ ሰው አለ። የኦሪት ሕግ እንኳ ይህን አልፈቀደም። ባልንጀራውን የበደለ ሰው ዋናውን ሙሉ በሙሉ ይመልስ ነበር፤ በላዩም አምስተኛ እጅ ይጨምር ነበር፤ ይህን የሚሰጠውም ለተበደለው ሰው ነው፤ የሚቀበል ዘመድ ባይገኝ ብቻ ለካህኑ ይሆናል። መሥዋዕቱ የሚቀርበው ከካሳው ጋር እንጂ በካሳው ፈንታ አልነበረም። በወንጌልም ዘኬዎስን እናውቀዋለን፤ ቀራጭ ነበር፤ ዛሬ ቢኖር ከእነዚህ መስኮቶች በአንዱ ኋላ በተቀመጠ ነበር። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ አለቀሰ ተብሎ አልተጻፈም፤ ሰገደም አልተባለም። የተጻፈው የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት ከሰው የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ መናገሩ ነው። ለዚያ ቤት መዳን እንደ ሆነ የተነገረው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። ጌታ በተራራው ስብከቱም መባህን ይዘህ መጥተህ ወንድምህ እንደ ተቀየመህ ብታስታውስ፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከእርሱ ጋር ታረቅ ብሎ አዟል። ሳትታረቅ መባህን ይዘህ ግባ አላለም።

“የወሰድሁትን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሰጥቻለሁ” የሚለኝ አለ። ያ ገንዘብ የአንተ ስላልሆነ ስጦታህ ሊሆን አይችልም። ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀ በእርሱ ገንዘብ ጣሪያ አታልብስ። ከቅዳሴያችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ አፈ ወርቅ፣ መቅደሱን በወርቅ እያስጌጡ የተራበውን ክርስቶስ በደጅ የሚተዉትን ይገሥጽ ነበር። ባለ ሥልጣኖችን ስላልፈራ ተሰደደ፤ በስደትም ሞተ።

እናንተም የነፍስ አባቶች ሆይ፣ በአክብሮት እናገራለሁ፤ ግን እናገራለሁ። ሹሙ መጥቶ “ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ” ሲላችሁ ሰምታችሁ አትስደዱት። እንጀራውን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቁት። በደመወዙ የማይሠራ ቤት ሠርቶ ሲያስመርቅ ጸበል ለመርጨት ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁት። የስግደቱን ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት የመመለሻውን ቀን ቁረጡለት። ከእናንተ የሚሸሽ ከሆነ ይሽሽ፤ ያልተመለሰ ገንዘብ ይዞ ወደ ሥጋ ወደሙ እንዲቀርብ ዝም ያለው አባት ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በዚህ በአራዳ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ፋሽስቶች በአደባባይ ረሸኗቸው። የተጠየቁት አርበኞችን እንዲያወግዙና የጣሊያንን ገዥነት እንዲቀበሉ ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ቃል ብቻ ነው፤ እርሳቸው ግን በሐሰት ቃል ነፍሳቸውን ማዳን አልፈለጉም። አንተ ግን ማንም ጠመንጃ ሳያነጣጥርብህ፣ ያልተጫነውን ሲሚንቶ “ተጭኗል”፣ ያልተሠራውን መንገድ “ተጠናቋል” ብለህ ትፈርማለህ። በሐውልቱ ሥር ስታልፍ ታማትባለህ። ለመሆኑ አቡኑ በሥጋ ቢገናኙህ ያንን ሰነድ ልታሳያቸው ትደፍር ነበርን?

ይህ ሁሉ ለሰማዕታትና ለመነኮሳት እንጂ ለተራ ሰው የማይቻል ነው የሚል እንዳይኖር ስለ አበበች ጎበና ላንሳ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም የሄዱ የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ፤ ማንኛችንም እንደምንሄደው። ወሎ ላይ ረኃብ ነበር። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ጸበላቸውንና ስንቃቸውን ለተራቡት አካፈሉ፤ ሲመለሱም ወላጅ ያጡ ልጆች ይዘው ገቡ። ቤቱ በልጆች ሲሞላ ባላቸው አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው ልጆቹን ይዘው ከትዳራቸው ወጡ፤ ከዚያ የተነሣው ማሳደጊያ ለብዙ ሺህ ልጆች ቤት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም አረፉ። ግሸን ደርሶ የሚመለስ ብዙ ነው፤ ጸበልና እምነት ይዞ ይመለሳል። እርሳቸው ይዘው የተመለሱት ግን እናቱ የሞተችበትን ልጅ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ሌሎችም ተሳላሚዎች ነበሩ፤ ሌሎቹም ያንን ረኃብ አይተዋል።

ያ የባንኩ ሌሊት ካለፈ በሁለተኛው እሑድ ምኩራብ የሚባለው የጾሙ ሰንበት ነበር፤ በየአጥቢያው የተነበበው ወንጌል ጌታ በጅራፍ ገንዘብ ለዋጮቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት ነው። ወንጌሉን ቆመን ሰማን፤ የገንዘብ ለዋጮቹን ጠረጴዛ ሲገለብጥም ሰማን። የእኛ ጠረጴዛ ግን አልተነካም። ሰኞ ማለዳ ወደዚያው ሥራችን ተመለስን።

እንግዲህ ንስሐ ግቡ የምላችሁ እንዲህ ነው። የቢሮ ሠራተኛ የሆንክ፣ “ነገ ይምጡ” ያልካቸውን ሰዎች ፋይል ከሥር አውጣና ዛሬ ጨርስ፤ ስልካቸው ማመልከቻው ላይ ተጽፏል። ነጋዴ የሆንክ፣ ሚዛንህን አስተካክል፤ የሰማዕቱንም ስም ከአፍህ አውርድ። የቤት እመቤት የሆንሽ፣ የልጅቱን ደመወዝ ቆጥረሽ ዛሬ ማታ በእጇ ስጫት፤ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ትሂድ። የታክሲ ረዳት የሆንክ፣ የተሳፋሪውን መልስ ስጥ። ዶክተር የሆንክ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ያገኘኸውን ድሃ ወደ ግል ክሊኒክህ አትላክ። የወሰድኸው ብዙ ከሆነና በአንድ ጊዜ የማይመለስ ከሆነ፣ ለነፍስ አባትህ ንገርና በየወሩ መልስ። የበደልኸው ሰው ሞቶ ከሆነ ልጆቹን ፈልግ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ስም ወደ ልብህ መጥቷል፤ ይህን ስታነብ መጥቷል። የማን እንደ ሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ደውልለት።