ወፉን አይቼ ጎረቤቴን ሳላይ

ባለፈው የመስከረም ቅዳሜና እሑድ ከቤቴ አልወጣሁም። ክረምቱ አልፎ የሰፈራችን ሜዳ በአደይ አበባ ደምቋል። ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አእዋፍን ስመለከት አረፈድኩ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ ከበላያችን ክንፋቸውን የሚዘረጉትንና የሚያጥፉትን አእዋፍ እንድናስተውል ያሳስበናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ በምትመለሰው ወፍ ተወኩልን አስተምረውናል። ልቤ ረካ፤ ኢማኔም የጨመረ መሰለኝ።

እሑድ ባለቤቴ ሥጋ ቀቀለች፤ እኔም ሽንኩርት ከተፍኩ። ሽታው አጥሩን አልፎ ሄደ። ማዕድ ልንቀርብ ስንል ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ እማማ እኮ ታመዋል፤ ሦስት ቀናቸው» አለችኝ። ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ ሶላታቸውን ተቀምጠው የሚሰግዱትን አሮጊት ማለቷ ነበር። ክው አልኩ። አጥሩ ላይ ያረፉትን ወፎች ስቆጥር ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ነፍስ አላየሁም! የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሳህኑን ሲቀበሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን መረቅ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል። ሥጋ ጨምር አላሉትም፤ ውሃ እንጂ። ታዲያ «የለኝም» የሚለው ምክንያታችን የት ይገባል?

ውድ አንባቢያን! የአላህን ፍጥረት ማስተንተን ዒባዳ ነው። ነገር ግን ለወፏ ሲሳይዋን የሚሰጠው ጌታ የጎረቤታችንን ሲሳይ በእኛ ድስት ልኮት ሊሆን ይችላል። አላህ የሚያስተውል ዓይንና የሚያካፍል እጅ ይስጠን። አሚን!