የጡረታ ደብዳቤና የእግዚአብሔር ጥሪ



በቢሾፍቱ ከተማችን እርጅና መቼ እንደሚጀምር ብንጠይቅ፣ አንዱ ፀጉር ሲሸብት፣ ሌላው የልጅ ልጅ ሲታይ ይለናል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ በ60 ዓመቱ የሚደርሰውን የጡረታ ደብዳቤ ይጠቅስልናል። ነገር ግን አባታችን አብርሃም ከካራን የወጣው በ75 ዓመቱ ነው፤ ሙሴ በፈርዖን ፊት የቆመው በ80 ዓመቱ ነው፤ ነቢይቱ ሐናም ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ በቤተ መቅደስ የተናገረችው የ84 ዓመት መበለት ሳለች ነው። ጡረታ ከመሥሪያ ቤት ያሰናብታል እንጂ በጥምቀት ከተቀበልነው ተልእኮ አያሰናብትም።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» እያልን በአክብሮት ስም ከአገልግሎት ያገለልናቸው ስንቶች ናቸው? ያለ ጊዜያቸው ያስረጀናቸው እኛ አይደለንምን? በመጪው እሑድ ከኋላ ወንበር ወደተቀመጡት አባትና እናት ቀርበን፣ ልጆቻችንን ጸሎት ያስተምሩልን ዘንድ እንለምናቸው።

የጌታ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።