ገንፎው አልቆ ሥዕሉ ሲቀር

ለምግብ ማስታወቂያ ተብሎ የተሣለ ሥዕል፣ ምግቡ ተበልቶ መጽሔቱም ተቀዶ ከተጣለ በኋላ ምንድን ነው? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። በአሜሪካ ግን እነዚህን አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕሎች እያሳደዱ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ብዙ ገንዘብም ያወጡባቸዋል። «እንዴት የሸቀጥ ማስታወቂያ ሳሎንህ ውስጥ ትሰቅላለህ?» ለሚላቸው ሰው የተዘጋጀች መልስ አለቻቸው፤ የገዛነው የሠዓሊውን እጅ ነው እንጂ ማስታወቂያውን አይደለም ይላሉ። ይህች መልስ ታዋጣለች ወይ? ነገራችን እዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። የቀለም ፎቶግራፍ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን የምግብ ኩባንያ ሠዓሊ ይቀጥራል። ሠዓሊው በሸራ ላይ ትልቅ አድርጎ ይሥላል፤ ሥዕሉ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተቀንሶ፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ በብዙ ሺህ ቅጂ ይወጣል። ሕዝብ እንዲያየው የታሰበው ወረቀቱ ነው። ሸራው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወይ መጋዘን ይወረወራል፣ ወይ ለአንዱ ሠራተኛ ይሰጣል፣ ወይ ደብዛው ይጠፋል። ሃደን ሰንድብሎም ከ1931 እስከ 1964 ለኮካ ኮላ የሣላቸውን የገና አባት ሥዕሎች ኩባንያው በጥንቃቄ ይዟቸዋል፤ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ግን ብዙ አልነበረም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ዋናውና ቅጂው ቦታ ተለዋውጠዋል። ሸራው ልብስ ሰፊ ከሰፋ በኋላ እንደሚቀረው የወረቀት ልክ ነው። ሰብሳቢው የሚገዛው ልኩን ነው፤ ልብሱን ሌሎች ለብሰው ጨርሰውታል።

ምሳሌ ልስጥ። ክሪም ኦፍ ዊት የሚባል ከእኛ አጥሚት ጋር የሚቀራረብ የስንዴ ምግብ አለ፤ በ1893 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት የወጣ ነው። ለዚህ ምግብ ኤን ሲ ዋየዝ በ1906 አንድ ሥዕል ሠራ። በሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ፈረሰኛ ብቻውን ደብዳቤ ወደ ፖስታ ሣጥን ሲከት ይታያል። የፖስታ ሣጥኑ ግን የዚያው ምግብ የእንጨት ማሸጊያ ነው፤ ስሙም ተጽፎበታል። ሥዕሉ በሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ውብ ሥዕል ነው፣ ማን ይክዳል። እስቲ ሣጥኑን በሐሳባችን እናጥፋው። የፈረሰኛው እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ፈረሱም ለምን እንደቆመ አይታወቅም። ማስታወቂያው ሥዕሉ ላይ የተለጠፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ልጠን እንጥለው ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ የቆመው በእሱ ነው። ዋየዝ የማስታወቂያና የመጽሐፍ ሠዓሊ መባሉ ያንገበግበው ነበር፤ ምኞቱ እንዲያው በደፈናው ሠዓሊ መባል ነበር። ያሳዝናል፤ ሣጥኑ ግን እዚያው አለ።

«ታዲያ ያለ አሠሪ የተሣለ ሥዕል የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ እቴጌ «ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ አማልጅኝ» ብለው በግልጽ ተደፍተዋል። የገንፎው ሣጥን ግን ፖስታ ሣጥን መስሎ፣ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ ገብቷል።

ከሁሉ የሚከብደው የምግብ አብሳዩ ነገር ነው። በዚሁ ምግብ ማሸጊያ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ጥቁር ሰው ፈገግ ብሎ ይታይ ነበር። ራስተስ አሉት፤ በዚያ አገር ጥቁሮችን ለማላገጥ የሚጠሩበት ስም ነው። በ1921 በወጣ ማስታወቂያ ላይ ሰሌዳ አስይዘው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቪታሚን ምን እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ተባይ ከሆነ ግን እዚህ ምግብ ውስጥ እንደሌለ አስጻፉበት። ሰውየውስ ማን ነበር? ባርቤዶስ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ ቺካጎ ውስጥ በምግብ አብሳይነት የሠራ ፍራንክ ኋይት የሚባል ሰው፣ በ1900 ገደማ ለዚህ ፎቶ የተነሣሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። በ1938 ሚሺገን ውስጥ ሌስሊ በምትባል ከተማ ሞተ። መቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2007 ነው። 69 ዓመት ሙሉ! ፊቱ በየማለዳው በስንቱ ገበታ ላይ ሲስቅ፣ ስሙ አፈር ውስጥ ነበር። ምስሉ ከማሸጊያው እንዲነሣ የተወሰነው በ2020 ነው።

አሁን «የሠዓሊውን እጅ ነው የገዛሁት» ያለውን ሰው እዚህ ሥዕል ፊት እናቁመው። ያ ሳቅ እንዲሞቅ፣ እንዲታመን ያደረገው ማን ሆነና? ያው የሠዓሊው እጅ ነው። መጥፎ ሠዓሊ ቢሥለው ውሸቱም ባልሸጠ ነበር። ችሎታውን አድንቆ ውሸቱን ልተው ማለት አይሆንም፤ ውሸቱ የቆመው በችሎታው ነው።

እንግዲያስ እናቃጥለው? ዴቪድ ፒልግሪም የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር በ12 ወይም በ13 ዓመቱ እንዲህ ያለ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ትንሽ ዕቃ ገዝቶ፣ ከሻጩ ፊት መሬት ላይ ከስክሶታል። ልጅ ነበር፤ እኔም ብሆን እንዲያው አደርግ ነበር። በኋላ ግን መስበሩን ትቶ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1996 ስብስቡን ለፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እዚያ ዕቃው ብቻውን አይቀመጥም፤ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንደጎዳ አብሮ ይነገራል።

ለእኔ መለያው ይህ ይመስለኛል። ሸራውን ከታተመው ገጽ ቆርጦ፣ በወርቅ ፍሬም አስገብቶ፣ «ጥበብ» ብሎ የሚሰቅል ሰው ማስታወቂያውን አልተወም፤ እንዲያውም ሥራውን ፈጸመለት፣ መሸጡን አስረሳለት። ሸራውንና ገጹን ጎን ለጎን የሚሰቅል፣ ከሠዓሊው ፊርማ በታች የተሣለውንም ሰው ስም የሚጽፍ ቢኖር፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ዋጋው ይቀንስበት ይሆናል። ይቀንስበት።

አንድ ነገር ግን አልፈታ ብሎኛል። በ2007 ለፍራንክ ኋይት በቆመለት ድንጋይ ላይ ስሙ ብቻ አይደለም ያለው፤ ምስልም ተቀርጾበታል። ምስሉ የተወሰደው ከገንፎው ማሸጊያ ላይ ነው።