«ሁሉም አልፈዋል» ያለን ፕሮግራም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ነው። ኮርሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሲሆን፥ ከዚህ ጉባኤ አራት አባላት ዘንድሮ አብረን ወስደነዋል፤ ወስደነዋል ከማለት ይልቅ ተንገላትተንበታል ማለት ይቀላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ዴኒስ ሪቺ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ሠራው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ይቅርታው ግን ከቃላቱም ያነሰ ነው። በትእዛዙ መጨረሻ አንዲት ምልክት ከተዘነጋች ሥራው ሁሉ ይቆማል። የዝርዝሩን ቍጥር የሚጀምረው ከዜሮ ስለ ሆነ፥ ከዐሥር ሰዎች የመጨረሻው የዘጠኝን ቍጥር ይዞ ይቀመጣል። ከመካከላችን ሁለቱ ኮምፒዩተር በእጃቸው የነኩት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነውና፥ ሦስተኛው የቤት ሥራ ሲሰጠን ነገሩ ከዐቅማችን በላይ ሆነብን።

ከእኛ ቀድሞ ኮርሱን የወሰደ አንድ ተማሪ አዝኖልን የተጠናቀቀ ሥራውን ሰጠን። (በክፋት እንዳልሰጠን እናውቃለን፤ በእርሱ አንፈርድም።) እኛም ስሞቹን ለወጥ ለወጥ አድርገን፥ ጥቂት መሥመሮችን ከላይ ወደ ታች አዘዋውረን አስረከብን። ቀኑ ዓርብ ነበረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ለብሰን ቆመን ስንዘምር አራታችንም እርስ በርሳችን ፊት ለፊት አልተያየንም። ያን ዕለት እስካሁን አልረሳነውም።

ሰኞ መምህሩ በየተራ ጠራን። አልተቆጣም። በጣቱ አንድ መሥመር እያመለከተ «ይህ እዚህ ለምን ገባ?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ተተኮሰችው አሪያን 5 ስለተባለችው የአውሮፓውያን ሮኬት ነገረን። በውስጧ የነበረው አንድ የፕሮግራም ክፍል ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነበር። የአዲሲቱ የአግድም ፍጥነት ከቀድሞዋ ስለሚበልጥ፥ ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል ጠባብ ቦታ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቍጥር ሊገባ ሆነ፤ ሮኬቷም ከተነሣች ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ በአየር ላይ ተበታተነች። «እነዚያ የወሰዱት የራሳቸውን ሥራ ነው፤ እናንተ ግን የሰው ነው» አለን። ዜሮ ሰጠን። ቢሆንም «ጎደሎም ቢሆን በሚቀጥለው ሰኞ የራሳችሁን አምጡ» ብሎ አሰናበተን።

በቅኔ ቤት ያለፉ አንድ አባታችን ይህን ስንነግራቸው ሳቁ። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ቢሳሳት ይታረምለታል፤ የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ግን ምኑ ይታረምለታል? አሉን።

የታዘዝነው የተማሪዎችን ውጤት ተቀብሎ ያለፈውንና የወደቀውን የሚለይ ፕሮግራም ነበር። ለመሞከሪያ የገዛ ራሳችንን የአጋማሽ ፈተና ውጤት አስገባን። ፕሮግራሙም አራታችሁም አልፋችኋል አለ፤ ከ30 12 ያገኘውን እንኳ! ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ስሕተቱን ስንፈልግ ሦስት ሌሊት አለፈ፤ በአንደኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ የጻፍነውም አብሮ ጠፋ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ከዐሥሩ ድሪም አንዱ ስለ ጠፋባት ሴት ተጽፏል። እኛም እንደ እርሷ ቤቱን ሁሉ ጠረግን። እርሷ ግን የጠፋባትን ታውቅ ነበር፤ እኛ አናውቅም ነበር።

የተገኘው ቅዳሜ ሌሊት ነው። በዚህ ቋንቋ አንድ የእኩል ምልክት «ይህን ያዝ» ብሎ ማዘዝ ሲሆን፥ ሁለት ሲደረደሩ «እኩል ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ «ያለፈ ነውን?» ብለን መጠየቅ ሲገባን አንዷን ምልክት ስለ ዘነጋን «ያለፈ ይሁን» ብለን አዘዝን። ስለዚህ ማንም እዚያ መሥመር ላይ ሲደርስ ያለፈ ይሆናል። ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ሊያስጠነቅቀን ይችል ነበር፤ ነገር ግን የእኛው ማስጠንቀቂያውን ሁሉ እንዲያሳይ ካልታዘዘ ይህን አይቶ ዝም ይላል። እኛም አላዘዝነውም።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ ምልክት መዘንጋት ኃጢአት አይደለም፤ እያወቁ የሰውን ሥራ የእኔ ነው ማለት ግን ነው። ሁለቱን አንድ አናደርግም። ይሁን እንጂ ያ መሥመር ያን ዓርብ ያደረግነውን አሳየን። «ሁሉም ያደርገዋል» አልን፤ «የደኻ ልጆች ነን፥ ብንወድቅ ማን ያነሣናል» አልን። በልባችን ውስጥ ጥያቄ የነበረ መስሎን ነበር፤ ለካ ትእዛዝ ነበር። ፈሪሳዊውም ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ ጽድቁን ራሱ ደንግጎ ተመለሰ፤ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም። በሩቅ የቆመው ቀራጭ ግን የራሱን ውጤት ያውቅ ነበር። ስለ ማስጠንቀቂያም ካነሣን፥ ከአራታችን ሦስታችን ወደ ንስሐ አባታችን ከሄድን ከዓመት በላይ ሆኖን ነበር። እርሳቸው ሰውን በግድ ጠርተው አይመረምሩም፤ ካልሄድን ምን ሊሉን ይችላሉ? አሁን ሁለታችን ሄደናል። ሦስተኛው እሄዳለሁ ይላል።

ያን ሌሊት ምልክቷን ጨምረን ፕሮግራሙን እንደ ገና አስነሣነው። ሁለት «አልፏል»፥ ሁለት «ወድቋል» ወጣ። ከወደቁት አንደኛዋ እኅታችን ነበረች፤ «እኔን ወድቋል አይበለኝ፥ ወድቃለች እንዲል አርሙት» ብላ አሳቀችን። ሰኞ ስናስረክብ መምህሩ እንደ ቀድሞው በጣቱ እያመለከተ ጠየቀን፤ በየተራ መለስንለት። ዜሮው ግን አልተሰረዘም፤ አዲሱ ሥራ በግማሽ ውጤት ታረመ።

የመጨረሻው ፈተና ገና ይቀረናል። እስከዚያ እሑድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ በአዳራሹ እናጠናለን። ኮርሱን ያለፋችሁ እኅቶችና ወንድሞች መጥታችሁ ብታስረዱን ደስ ይለናል፤ የድሮ ሥራችሁን ግን ቤት ትታችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።